ቢትማፕ፦ ትጉሁ የባክአፕ መዝጋቢ

የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ግዙፍ ፋይል ነው፤ ሙሉ ባክአፕ ይህን ፋይል ከዳር እስከ ዳር ሲገለብጥ ጭማሪ ባክአፕ ግን ካለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይወስዳል። ይህ ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ አልዘገይበትም።

ዳሩ ግን «የሚወሰደው ጥቂት ከሆነ ሥራውም ፈጣን ነው» የሚለው አስተሳሰብ ፍጹም ስሕተት ነው። የተለወጠውን መውሰድና የተለወጠው የቱ እንደ ሆነ ማወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ድካሞች ናቸውና፣ መዝገብ የሌለው ፕሮግራም ጥቂት ሜጋባይት ፍለጋ የአንድ ቴራባይት ዲስክን በሙሉ ለማንበብ ይገደዳል፤ ይኸውም በሴኮንድ 200 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ ላይ ከ80 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

ይህን ድካም የሚያስቀረው፣ የሚገባውንም ክብር ያላገኘው ቢትማፕ ነው። ኪዩኤምዩ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ በ64 ኪሎባይት ክፍል ይከፈልና ለእያንዳንዱ ክፍል አንዲት ቢት ትመደባለች፤ ማሽኑ በክፍሉ ላይ አንዳች ነገር በጻፈ ጊዜ ቢቷ ከ0 ወደ 1 ትለወጣለች። የአንድ ቴራባይት ዲስክ መዝገብ እንግዲህ 2 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን አንዲት ቃል ስለ ታረመች የብራና ቅጠል በሙሉ እንደገና የሚጻፍ ያህል፣ ዳታቤዝ 4 ኪሎባይት ብቻ ቢጽፍም 64ቱ ኪሎባይት፣ ማለት 16 እጥፉ፣ ወደ ባክአፑ ይገባል። ክፍሉ ወደ 4 ኪሎባይት ቢደቅ መዝገቡ ወደ 32 ሜጋባይት ያድጋል፣ ባክአፑም ያንሳል፤ ሆኖም ንባቡ በየቦታው ስለሚበታተን በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሥራው ይጓተታል።

ደግሞም ቢትማፕ የሚመሰክረው መጻፉን እንጂ መለወጡን አይደለም፤ ያው ነገር በቦታው ተመልሶ ቢጻፍ እንኳ ቢቷ 1 ትሆናለች። በአንድ መሥሪያ ቤት የፋይል ሰርቨር ዕለታዊ ጭማሪ ሙሉውን ባክአፕ ሊያህል ምንም ያህል ሳይቀረው ባየሁ ጊዜ ምክንያቱ ሲመረመር፣ በማሽኑ ውስጥ ዲፍራግመንት፣ ማለት የተበታተኑ የፋይል ብሎኮችን የማሰባሰብ ሥራ፣ በየሌሊቱ እንዲሠራ ታዝዞ ተገኘ፤ አንድም ሰነድ ሳይታረም ብሎኮቹ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲጓዙ ያድሩ ነበር። የሰርቨር ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህን ትእዛዝ ስለ ምን ትተዉታላችሁ?

የክፍሉ ልክ ግን ቢትማፑ ሲፈጠር ይወሰናል፤ በኋላ ልለውጠው የሚል ሰው አዲስ ቢትማፕ መፍጠር አለበትና፣ በኤስኤስዲ ላይ ላለ ዳታቤዝ ደቃቁን፣ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ላለ የፋይል ሰርቨር ባለ 64 ኪሎባይቱን አስቀድሞ ይምረጥ።