ከሰሉ ማሳ ከመግባቱ በፊት ሒሳቡ ይሠራ

በአሶሳና በአካባቢው በበጋ ወራት የተዘዋወረ ሰው፣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ፣ የሣርና የሸመል ትርፍራፊ ሲቃጠል ማየቱ አይቀርም። ጭሱ በንኖ ይጠፋል፤ አመዱንም ነፋስና ጎርፍ ይወስደዋል። ከዚህ ብክነት ከፊሉን ወደ ባዮቻር፣ ማለትም ለአፈር ተብሎ ወደሚዘጋጅ ከሰል መለወጥ ይቻላል። ይሁንና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራውን ለአባሎቻቸው ከማቅረባቸው በፊት ወጪውን ማስላት ይገባቸዋል።

አፈሩን ምን ነካው?

በአሶሳ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ብዙ ዝናብ ስለሚወርድበት ካልሲየምና ማግኒዥየም እየታጠቡ አፈሩ ይኮመጥጣል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የተጨመረው የማዳበሪያ ፎስፈረስ በአፈሩ ስለሚያዝ ሰብሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከሀገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ የሚበልጠው በአሲድነት እንደተጠቃ ይገመታል። ዋናው መድኃኒት ኖራ ቢሆንም ለ1 ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግ ማጓጓዣው ከባድ ነው። ባዮቻር ኖራን አይተካም፤ ነገር ግን አሲዱን በመጠኑ ይቀንሳል፣ ውሃና ንጥረ ነገር ይይዛል፣ ቶሎም አይበሰብስም።

ስንት አገዳ፣ ስንት ጉልበት?

በቆሎ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ሲዘራ በ1 ሄክታር 44 ሺህ ያህል ጉድጓድ ይኖራል። ለእያንዳንዱ 100 ግራም ቢጨመር 44 ኩንታል ባዮቻር ያስፈልጋል። 1 ኩንታል ለማግኘት በግምት ከ4 እስከ 5 ኩንታል ደረቅ አገዳ ስለሚፈጅ፣ ጠቅላላው ከ176 እስከ 220 ኩንታል ይደርሳል። ይህን አንድ ቤተሰብ ሊያቀርብ አይችልም።

በ10 ሜትር በ20 ሜትር መሬት ግን ጉድጓዱ 900 አይሞላም፤ 90 ኪሎ ባዮቻር፣ ማለትም ቢበዛ 4 ኩንታል ተኩል አገዳ ይበቃል። መጀመር የሚገባው ከዚህ ነው። ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ የሚውለው አገዳ አስቀድሞ ከሒሳቡ ይቀነስ። ለከሰል ተብሎ ዛፍ መቁረጥ ደግሞ አንዱን መሬት አድኖ ሌላውን ማራቆት ነው።

ቀጥሎ የሚቆጠረው የሰው ቀን ነው፤ ጉድጓድ መቆፈር፣ አገዳ መሸከም፣ ማክሰል፣ መፍጨት፣ ማሳ ማድረስ። እሳቱ አመድ ሳይሆን በውሃ መጥፋት ስላለበት ውሃ መቅዳቱ በሴቶች ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ይታሰብበት። ውሃ በራቀበት ቦታ በአፈር ማፈን ይቻላል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው ሥራው በደቦ ይቀላል።

ከሰሉ ባዶውን ማሳ አይግባ። ባዶ ከሰል የአፈሩን ናይትሮጂን ለጊዜው ሊይዝበት ስለሚችል፣ ከኮምፖስት ወይም ከፍየልና ከዶሮ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ቢያንስ 2 ሳምንት ይቆይ። በመሆኑም ማክሰሉ በበጋ፣ ቅልቅሉ ከዘር በፊት ማለቅ አለበት።

ሚዛኑ ይፍረድ

በመጨረሻም ጎን ለጎን ሁለት እኩል መደብ ይዘጋጅ። ዘሩ፣ ማዳበሪያውና አረሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ባዮቻሩ በአንዱ ብቻ ይጨመር። የአፈሩን አሲድነት ለማስለካት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤትና የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን መጠየቅ ይጠቅማል። በመኸር የሁለቱም ምርት በአባላት ፊት ይመዘን። ትርፉ የፈሰሰውን ጉልበት ከካሰ በሚመጣው ዓመት መሬቱ ይስፋ፤ ካልካሰም ማኅበሩ የከሰረው የጥቂት ቀን ሥራ ብቻ ነው።