ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ጠባይና ስለ ጥንቃቄው

የደም ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙ አይሰማውም። ስለዚህ ክኒኑን መዋጥ ከጀመረ በኋላ ራሱን ቢያዞረው ወይም ሳል ቢይዘው፤ ያመመኝ መድኃኒቱ ነው ብሎ ይተወዋል። ነገሩም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ግፊቱ ተመልሶ ሲወጣ ድምፅ ሳያሰማ አንጎልንና ልብን ኩላሊትንም ይጎዳል።

ኢናላፕሪል የሚባለው በአንዳንድ ሰው ላይ አክታ የሌለው ደረቅ ሳል ያመጣል። ይህን ሳል ጉንፋን ነው ብለው በዝንጅብልና በማር የሚደክሙ ብዙዎች ናቸው፤ ሐኪም መድኃኒቱን በሌላ ሲለውጠው ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይለቃል። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚትን ሊያሳብጥ ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛልና በጧት መዋጥ ይሻላል። ይህ ሁሉ ለሐኪም ተነግሮ ይስተካከላል እንጂ በገዛ ፈቃድ መተው አይገባም፤ ይልቁንም የልብን ትርታ የሚያዘገየው አቴኖሎል በድንገት ቢቋረጥ የልብ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል።

ኢናላፕሪል የሚውጥ ሰው ከንፈሩ፤ ምላሱ ወይም ፊቱ ቢያብጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እብጠቱ ጉሮሮን ሊዘጋ ስለሚችል ሌላ ክኒን ሳይጨምር በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ይህ መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም።

ሽማግሌ ከመኝታው ሲነሣ አስቀድሞ ተቀምጦ ጥቂት ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ይቁም። ጿሚ የሆነ ሰው የመዋጫውን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይቁረጥ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘውም ውሃ ከሰውነቱ ጎድሎ ግፊቱ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል ፈጥኖ ይጠይቅ። ለወገብ ሕመም የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ግፊቱን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ሳይጠይቁ መዋጥ አይገባም።