«ፖፑላር» ሲሏችሁ የትኛውን ማለታቸው ነው?

ስልካችን ላይ በየቀኑ ከምናያቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዷ «ፖፑላር» ናት። ሙዚቃ ስንፈልግ አለች፣ አፕ ስናወርድ አለች፣ ዕቃ ስንመርጥም አለች። ብዙዎቻችን «ተወዳጅ» ብለን እናልፋታለን። ግን ትርጉሟ እንደየቦታው ይለያያል፤ ልዩነቱን አለማወቅ ደግሞ ኪስም ይጎዳል።

ሥሯ የላቲኑ «ፖፑሉስ» ነው፤ ሕዝብ ማለት ነው። «ፖፑሌሽን»ም ከዚያው የመጣ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ «የሕዝብ» ከማለት ውጪ ሌላ ትርጉም የላትም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ሂላሪ ክሊንተን በ«ፖፑላር ቮት» 2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጠው ነበር፤ ፕሬዚዳንት የሆኑት ግን ትራምፕ ናቸው። ይህን «ተወዳጅ ድምፅ» ብላችሁ ብትተረጉሙት የምርጫ ዜና ሳይሆን የዘፈን ውድድር ይመስላል። የጎረቤታችን «ሻዕቢያ»ም ስሙ የመጣው «ሕዝባዊ» ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው።

«ፖፑላር ቢሊፍ» ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚያምነው ማለት ነው፤ እውነት ነው ማለት ግን አይደለም። የቻይና ግንብ ከጨረቃ ላይ ይታያል ሲባል ሰምታችሁ የለ? አይታይም።

ስልካችን ላይ ያለችው ግን ቁጥር ናት። ብዙ ሰው ከፍቶታል፣ ብዙ ሰው ገዝቶታል ነው የምትለው። ወደዱት ወይ? እሱን አትነግራችሁም።

ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከ14,000 በላይ ሰዎች እምብዛም የማይታወቁ 48 ዘፈኖችን በኢንተርኔት እንዲሰሙ አደረጉ። አንዱ ቡድን ሌላው ሰው ምን እንዳወረደ አያይም። የቀሩት በስምንት ተከፍለው የየቡድናቸውን የዳውንሎድ ቁጥር ያያሉ። ቁጥሩ በሚታይበት ቦታ የተሰማው ይበልጥ ተሰማ፤ ግን የዘፈኖቹ ደረጃ በየቡድኑ ተለያየ። በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፣ በጣም ደካሞቹም እምብዛም አልወጡም። መሀል ላይ ያሉትን ግን የወሰናቸው በአብዛኛው ዕድል ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር «ባንድዋገን ኢፌክት» የሚባለው ይኸው ነበር፤ ሌላው ስለገዛው ብቻ መግዛት። ላይክና ቪው በገንዘብ በሚሸጡበት ዘመን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሺዎች ማን እንደቆጠረልንም አናውቅም።

እኔ ዕቃ ስገዛ ቃሏን ዘልዬ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡ ሰዎች የጻፉትን አነባለሁ። ምን እንደጎደለው የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። እናንተም ቀጣዩን «ፖፑላር» ከመንካታችሁ በፊት አንዴ ጠይቁ፦ የተወደደ ነው ወይስ የተቆጠረ ብቻ?