እስከ የካቲት የሚቆይ ውሃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ በስተግራ እስከ ጣና የሚዘረጋውን የፎገራ ሜዳ በሁለት መልክ ሊያገኘው ይችላል። በነሐሴ ሜዳው ሰማይ የሚታይበት ውሃ ነው፤ በሚያዝያ ደግሞ ዋልካው ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ንቃቃት ይዞ ይጠብቃል። ስለ ሜዳው የሚታሰበው አብዛኛው ነገር የሚነሣው ከሁለተኛው መልክ ነው፤ መሬቱ ባለቤት፣ ውሃው ግን በየዓመቱ እየመጣ የሚያስቸግር እንግዳ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አስተሳሰብ መቃናት አለበት። የፎገራን አፈር የሠራው፣ ዓሣውን የሚያራባው፣ ወፉንም ከሩቅ አገር የሚጠራው ያ ውሃ ነው። በወረታ ጥግ ሰው የሚጎበኘው ጥብቅ ረግረግ እንዲኖር ከተፈለገ፣ ከአጥርና ከመግቢያ በር በፊት መጠበቅ ያለበት የውሃው መምጣት፣ ከዚያም በላይ ቀስ ብሎ መሄዱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ጉና ላይ ነው። ርብና ጉማራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ተራራ ተነሥተው ሲወርዱ ጉልበታቸው ብርቱ ነው፤ ሜዳው ላይ ተዳፋቱ ሲያልቅ ግን ፍጥነታቸው ይወድቃል፣ የተሸከሙትን ደለል ያራግፋሉ፣ ከዳርቻቸውም ይገነፍላሉ። ጣና በአማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ፣ በዚህ በኩል ዳርቻው የተንጣለለ ሐይቅ ስለሆነ በክረምት መውጫ ጥቂት ከፍ ሲል ብዙ መሬት ያለብሳል፤ ወንዞቹንም ከታች ገትቶ ይይዛቸዋል። ዋልካ ደግሞ ሲርስ የሚያብጥ አፈር ነው፤ በበጋ የከፈተውን ንቃቃት ራሱ ይደፍንና ውሃው ወደ ታች እንዳይሰርግ ይከለክላል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ሸሸርና ወለላን በመሰሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ውሃው ለወራት የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው። በጣና ዙሪያ ያለ ገበሬ ውሃው ሲያፈገፍግ የሚለቅቀውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ በቀረው እርጥበትም ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ተመራማሪዎች የጎርፍ ትርታ የሚሉትን ነገር ገበሬው በራሱ ስም ጠርቶ ሲኖርበት ቆይቷል ማለት ነው።

በዚህ ትርታ የሚኖሩት ፍጥረታት ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ነገሩን ከሌሎቹ አጉልተው ያሳያሉ። የመጀመሪያው አምባዛ የተባለው ዓሣ ነው። ወንዞቹ ሲሞሉ ከሐይቁ ወጥቶ አዲስ ውሃ ወደ ለበሰው ሣር ይገባል፤ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ ጫጩቶቹም ሙቀትና ምግብ በበዛበት ጥልቀት የለሽ ውሃ ያድጋሉ። ከሐይቁ የሚያገናኛቸው ውሃ ቶሎ ከተቆረጠ እዚያው ተይዘው ይቀራሉ። ሁለተኛው ሽመላ የሚመስለው ግራጫ ክሬን ነው። ከአውሮፓዊው ሩሲያ የሚነሡ ክሬኖች ብርዱን ሽሽት በብዙ ሺህ እየሆኑ መጥተው በጋውን በጣና ዙሪያ ያሳልፋሉ፤ ጥቁር ዘውዳማው ክሬንና ከአገጩ ሥር ሁለት ጉትቻ የሚያንጠለጥለው ትልቁ ክሬን ግን የአገሩ ነዋሪዎች ናቸው። ግራጫው ክሬን ቀኑን የሚውለው የታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል እየለቀመ ነው። ሲመሽ ግን መሬት ላይ አያድርም፤ ቅልጥሙን በሚያለብስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ጅብም ሆነ ቀበሮ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ሊደርስበት ስለማይችል ውሃው ዘበኛው ነው። እንግዲህ ይህ ወፍ ማሳውንም ውሃውንም በአንድ ላይ ይፈልጋል። እህል የሞላበት ሜዳ ሳይርቅ ማደሪያ ውሃ ከሌለው ለክሬን ምድረ በዳ ነው።

ውሃው ይቆይ ለሚለው ሐሳብ ብርቱ ተቃውሞ የሚሰጠው ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በፎገራ የተሞከረው ሩዝ ዛሬ ወረዳውን በመላ አገሪቱ አስጠርቶታል፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚሁ አካባቢ ቀበሌ ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቁሟል። ቀድሞ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ወደ እንጀራ የለወጠ ገበሬ ለወፍ ብለህ ተው ቢባል እሺ አይልም፤ እሺ ሊልም አይገባም። ሩዙ ራሱ ውሃ የሚወድ ሰብል ነው። ነገር ግን የክረምቱን ሩዝ ከበጋው ፓምፕ መለየት ያስፈልጋል። ሩዙ ጎርፉን ይጠቀምበታል፤ በጥርና በየካቲት ለሽንኩርት መስኖ ከመጨረሻው ኩሬ የሚስበው ፓምፕና ረግረጉን ለማጠንፈፍ የሚቆፈረው ቦይ ግን ጎርፉ የተወውን ያሟጥጣሉ። ከዚያ ቀጥሎ የደረቀው ጠርዝ ይታረሳል፤ በዓመቱ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ይጠብባል። የሚጎዳው ወፍ ብቻም አይደለም። ፎገራ ከሩዝ በፊት ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር፤ ረግረግ የለመደውና በወተቱ የታወቀው የፎገራ ዝርያ ግጦሹ ወደ ማሳ ሲለወጥ በገዛ አገሩ እየተመናመነ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ጎርፍ ሰው ያፈናቅላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የደረሰው መጥለቅለቅ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ አስወጥቷል። ይህን ረስቶ ስለ ረግረግ ውበት መጻፍ ጭካኔ ይሆናል። ይሁንና ውሃ የሚበተንበት ቦታ ሲያጣ አይጠፋም፤ አንዱ ወገን በክትር ሲዘጋበት በጎረቤት ማሳ ላይ ገንፍሎ ይወጣል። ሸሸርና ወለላ የውሃ መተንፈሻ ናቸው። ከሜዳው በላይ የተሠራው የርብ ግድብ 73 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ ነው፤ አደገኛውን ጎርፍ ማለዘብ ይችላል። ግን ክረምቱን ሁሉ ይዞ ለበጋ መስኖ ብቻ ቢለቅ ለአምባዛውም ለደለሉም መንገዱ ይዘጋል። ግድቡ በነሐሴ ለሜዳው የሚለቀው ድርሻ እንደ ብክነት ሊቆጠር አይገባም።

ረግረግን ማድረቅ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ክሬኖቹ ራሳቸው የሚያርፉበትን ሁላ ሸለቆ ማየት ይበቃል። እስራኤል ሸለቆውን ለእርሻ ብላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አደረቀችው። የደረቀው አፈር ሰጠመ፣ ተቃጠለ፣ በነፋስ ተወሰደ፤ ንጥረ ነገሩም ታጥቦ ወደ ገሊላ ሐይቅ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉ ዳግም በውሃ ተሸፈነ፤ አሁን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ክሬኖች ያርፉበታል፣ ሰውም ሊያያቸው ይጎርፋል። ከአገራችንም ሐረማያ ሐይቅ አለ፤ ለከተማና ለመስኖ ሲቀዳ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር። ፎገራ ውሃው ገና እየመጣለት ስለሆነ ከሁለቱም በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ጣናና ዙሪያው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ጉዳዩ አዲስ ማዕረግ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሸሸርና የወለላ ወሰን በሚያዝያ ሳይሆን ውሃው በሚሞላበት በመስከረም እንዲለካ፣ ክሬኖቹ እስኪሄዱ ድረስም የመጨረሻው ውሃ በፓምፕ እንዳይነካ ከገበሬው ጋር መስማማት ነው፤ በዚህ ምክንያት ሽንኩርቱን የሚያጣው ገበሬ ካሳውን ከጎብኚው ክፍያ ማግኘት አለበት። ለመጎብኘት የምታስቡ ደግሞ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሂዱ፤ ክሬኖቹ ከማሳ ወደ ውሃ የሚመለሱት በዚያን ሰዓት ነው። ርቃችሁ ቁሙ፤ በምሽት ከማደሪያው የተነሣ ክሬን በጨለማ ሌላ ውሃ መፈለግ ይኖርበታል።