ለወጣቶቻችን ሰው እንሁንላቸው

ከናይሮቢ

የዛሬው ጉዳያችን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ብዙዎቻችን የምንሰስተውን ጊዜ ነው። ለታናናሾቻችን ያለ ክፍያ ጊዜ ሰጥቶ መምከር፣ ማስጠናትና መንገድ ማሳየት ምን ያህል ይጠቅማል? እዚህ ናይሮቢ ካየነው ተነስተን እናካፍላችሁ።

እንደሚታወቀው ኢስሊ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምናስጠናቸው ልጆች አንዱ ፎርም ቱ ላይ ትምህርቱን አቆመ። ሰነፍ አልነበረም። ስዋሂሊው ከብዶታል፣ አባት አብሮት የለም፣ እናቱም ሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ ስለሚውሉ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት የሚያነብላቸው አልነበረም። ልጁ ሱቅ ተቀጥሮ በቀን ትንሽ ሺልንግ ማግኘት ጀመረ። እኛ መምህራኑ ቤቱ ድረስ ሄደን መከርነው። «እሺ» አለን፣ ግን አልተመለሰም። ጉድለቱ የእኛ ነበር፤ አንድ ቀን መክረን ሄድን፣ ዳግመኛ አልመጣንም።

ልጁን የመለሰው ሌላ ሰው ነው። ፎርም ፎርን የጨረሰ፣ በዕድሜ አራት ዓመት ብቻ የሚበልጠው የሰፈራችን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ሲዘጋ እየሄደ አብሮት መቀመጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ኳስ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ስዋሂሊ መጣ፣ ከዚያ ሒሳብ። በሦስተኛው ወር ገደማ ልጁ ራሱ «ትምህርት ቤት አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ብሎ ጠየቀው። ተመልሶ ገባ፣ የፎርም ፎርን ፈተናም ተፈተነ። እውነቱን እንናገርና ለዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገውን ሲ ፕላስ አላመጣም። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ዛሬ እናቱን ይረዳል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ በተራው ሁለት ልጆች ያስጠናል። ያ ታላቁ ልጅ ለዚህ ሁሉ አንድ ሺልንግ አልተከፈለውም።

ታዲያ መምህራን ያቃተንን እሱ እንዴት ቻለው? ሲባል መልሱ ቀላል ነው። መንገዱን ያለፈው በቅርቡ ስለሆነ የቱ ጋ እንደሚያደናቅፍ ያውቃል። ልጁም «ይሄ ከቻለ እኔም እችላለሁ» ለማለት አልከበደውም። ከሁሉም በላይ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይመጣ ነበር።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ፊደል የለየው ልጅ ገና ሀ ሁ የጀመረውን ያስቆጥራል። በቁርአን ትምህርት ቤትም ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስቀራሉ። ስደት ሲመጣ ብዙ ነገር ጥለን እንደወጣን ሁሉ ይህንንም ልማድ ጥለነው የመጣን ይመስላል።

ጎረቤቶቻችን ግን ይዘውታል። ከኢስሊ ጁጃ መንገድን ተሻግረን ስንሄድ ማታሬ የሚባለው የድሆች ሰፈር ይገኛል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1987 ቦብ መንሮ በተባለ ካናዳዊ አነሳሽነት የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። አሠራሩ ደስ ይላል። ኳስ የሚጫወት ቡድን የሰፈሩን ቆሻሻ ካጸዳ በሊጉ ውድድር ነጥብ ይያዝለታል። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያሠለጥናሉ፣ ጨዋታ ይዳኛሉ፣ ስለ ኤች.አይ.ቪ እኩዮቻቸውን ያስተምራሉ። ይህ አገልግሎታቸው በነጥብ ይመዘገባል፤ ብልጫ ያገኙት የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ይሰጣቸዋል፣ ገንዘቡም የሚገባው ለትምህርት ቤቱ ነው። ከዚሁ ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ በልቷል። ይህ የማኅበሩ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ካኩማ ካምፕም ደርሶ ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከካኩማና ከዳዳብ ወጣቶችን ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወስደው የደብልዩ.ዩ.ኤስ.ሲ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይሠራል። ብዙዎቻችን የምናየው ስኮላርሺፑን ብቻ ነው። ልጁ ካናዳ ሲደርስ ግን የሚቀበሉት፣ ባንክ የሚያሳዩት፣ የከተማውን አውቶቡስ የሚያስለምዱት በዩኒቨርሲቲው ያሉ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ናቸው። ገንዘቡ ያለ እነሱ ልጁን ክፍል ድረስ ያደርሰዋል፤ ብርዱንና ብቸኝነቱን አብሮ የሚያሳልፍለት ግን ሰው ነው።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ኬንያ የትምህርት ሥርዓቷን ቀይራለች። የ8ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በአዲሱ ሥርዓት ልጆች 10ኛ ክፍል ሲገቡ ከሦስት መስመሮች አንዱን ይመርጣሉ፤ እነሱም ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ እንዲሁም ጥበባትና ስፖርት ናቸው። ማትሪክን ብቻ የሚያውቅ ወላጅ ልጁን በምን ሊመክረው ነው? አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሕይወቱን መስመር ብቻውን እንዳይመርጥ አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

«ኢንሴንቲቭ ከሌለው ማን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ሆዱ ላልጠገበ ሰው ይህን ማለት ያስከፋል፣ እናውቃለን። ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ ለአንድ ልጅ። እኛ ራሳችን አንዴ ለአንድ አስጠኚ አሥር አሥር ልጅ ሰጥተን ጀመርንና በሁለት ወር ውስጥ ፈረሰ። ከዚያ ስህተት የተማርነውን እነሆ፦

አንደኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ መቅረት ካለ አስቀድሞ ይነገር። ተጠብቆ የሚቀር ሰው ከነጭራሹ ካልመጣው ይልቅ ልጁን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፕሮሰስ፣ ስለ ስኮላርሺፕ ወይም ስለ ገንዘብ ተስፋ አይሰጥ። የማናውቀውን «አላውቅም፣ እንጠይቅ» እንበል።

ሦስተኛ፣ ወላጅ ይወቅ። ጥናቱ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን፣ ለሴት ልጆችም እህቶች ይመደቡ። ይህ ለልጁም ለመካሪውም ጥበቃ ነው።

አራተኛ፣ መካሪው ፕሮሰሱ አልቆ ሲሄድ በድንገት አይጥፋ፤ ልጁን ተሰናብቶ ለሌላ ሰው ያስረክብ።

አምስተኛ፣ ኮሚቴዎቻችን ያገለገለውን ሰው በመዝገብ ይያዙለት፣ የምስክር ወረቀትም ይጻፉለት። ማታሬዎች ያስተማሩን ይህንን ነው፤ የሰው ድካም ሲታወቅለት ይበረታል።

በየካምፑ ፎርም ፎርን የጨረሱ፣ ከአገር ቤት ሙያ ይዘው የመጡ፣ ቋንቋ የሚችሉ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንዲሉ፣ እያንዳንዳችን አንድ ልጅ ብንይዝ ለማናችንም አይከብድም። እንግዲህ በብሎካችሁ ከትምህርት የቀረ ልጅ ካለ በመጪው ቅዳሜ ሂዱና አብራችሁት ተቀመጡ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ተመለሱ።

ቸር ይግጠመን።