በጥቅል ስለሚሸጡ የቪዲዮ ጨዋታዎችና ቅናሽ ስለሚባለው ዋጋ

ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ምርቃት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ነጋዴው የተዋዋልነውን እህል ሰፍሮ ካበቃ በኋላ አንድ እፍኝ ሲጨምርልን፥ እፍኙ በዋጋው ውስጥ ያልተቈጠረ ስለ ሆነ ደስ ብሎን እንቀበለዋለን። ዛሬ የምንናገርለት ግን ምርቃት መስሎ በዋጋው ውስጥ ስለሚቈጠረው ነገር ነው፤ ይኸውም ልጆቻችን በኮምፒዩተር የሚጫወቷቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች በጥቅል እየሆኑ በቅናሽ ስም የሚሸጡበት ዘዴ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። በአሜሪካ የሚገኘው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ስቲም የሚባል የጨዋታ መሸጫ አለው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በሰኔ ወር የቅናሽ ገበያ በተከፈተ ጊዜ፥ «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» የተባለው ጨዋታ ለብቻው መሸጡ ቀረና፥ በዚያው ጨዋታ ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ገንዘብ ከሚያስገኝ ካርድ ጋር ተጠቅልሎ ቀረበ። የጨዋታው ዋጋ 59 ዶላር ከ99 ሳንቲም፥ የካርዱ 19 ዶላር ከ99 ሳንቲም ስለ ነበረ፥ ድምሩ 79 ዶላር ከ98 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ ላይ ከመቶ 25 እጅ ተቀነሰ ተባለና ገዢው የሚከፍለው 59 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆነ። ልብ በሉ፤ ጨዋታውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ከቅናሹ በፊት ይከፍል የነበረውን ያንኑ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው! በሒሳቡ ላይ አንዳች ስሕተት አይገኝበትም። ሰውን የሚያሳስተው ገዢው ሳይጠይቅ የተጨመረው ካርድ ነው። ተጫዋቾቹም ይህን ደርሰውበት አምርረው ነቀፉት።

ዐሥርና ከዚያም በላይ ጨዋታዎች በሚጠቀለሉበት ጊዜ ዘዴው ይረቃል። ለምሳሌ ያህል «የ200 ዶላር ዕቃ በ15 ዶላር» ቢባል፥ 200 የተባለው እያንዳንዱ ጨዋታ ያለ ቅናሽ የተጻፈለት ሙሉ ዋጋ ተደምሮ ነው። ነገር ግን አሮጌ ጨዋታ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በርካሽ ስለሚሸጥ ያን ሙሉ ዋጋ የሚከፍልበት ሰው ጥቂት ነው። የዘፈን ቅጂና ለጨዋታው ሰዎች የሚለበስ ልብስም ሳይቀር እንደ አንድ ዕቃ እየተቈጠረ ቍጥሩን ያበዛዋል። በርግጥ በአንዳንድ የስቲም ጥቅሎች ገዢው አስቀድሞ የያዘው ጨዋታ ከሒሳቡ ይነሣለታል፤ ይህ የሚመሰገን ነው።

ገንዘብን ስለ ማስመለስ ደግሞ፥ ስቲም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በ14 ቀን ውስጥ ለተመለሰና ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱበት ዕቃ ገንዘብ ይመልሳል። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራሩ ግን ለፍርድ አድርሶት፥ በ2016 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቫልቭ ገዢዎችን ስለ መብታቸው አሳስቷል በማለት 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቶታል። በጥቅል ጊዜ 2 ሰዓቱ የሚቈጠረው የጨዋታዎቹ ሁሉ ጊዜ ተደምሮ ስለ ሆነ፥ ልጁ አንዱን ጨዋታ አንድ ምሽት ከተጫወተበት የቀሩት ዘጠኙ ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ገንዘቡም አይመለስም።

ልጁ «ይህን ጥቅል ግዛልኝ» ብሎ የመጣበት አባት እንግዲህ በእውነት የሚፈልጋቸውን ጨዋታዎች ስም በወረቀት ያጽፈው፤ የእነዚያን ብቻ የዕለቱን ዋጋ ለየራሱ አይቶ ይደምር፤ ድምሩንም ከጥቅሉ ዋጋ ጋር ያስተያይ። የተሰረዘውን ቍጥር ግን ከሒሳቡ ውስጥ አያግባው።