የእናትነት ምስልና የመውለድ መብት በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ታሪክ

በማናቸውም ሕዝብ ዘንድ መውለድ የሥጋ ነገር ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማን ይውለድ፣ መቼ ይውለድ፣ የተወለደውስ የማን ይባል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በልማድ፣ በሕግና በሃይማኖት የታጠሩ ናቸው። በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ «ወላድ በድባብ ትሂድ» ሲባል ለእናት የሚሰጠው ክብር ይገለጻል፤ «መካን» የሚለው ቃል ደግሞ ከትርጕሙ የሚበልጥ ኀዘን ይዞ ይነገራል። እንዲህ ያለው አነጋገር ለሴቲቱ በማኅበሩ መካከል ቦታዋን ይወስንላታል።

ይሁን እንጂ ኅብረተሰቡ በዘር ተከፋፍሎ አንዱ ወገን የሌላው ጌታ ሆኖ በኖረበት አገር የእናትነት ክብር ለሁሉም በእኩል አይታደልም። ፌሚኒዝም በሚባለው የሴቶች እኩልነት አስተሳሰብ ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካበረከቱት ዋነኛው ይህን ልዩነት መርምሮ መግለጽ ነው። እነርሱ እንደሚያስረዱት፣ በሲኒማ፣ በማስታወቂያና በጋዜጣ የሚታየው የጥቁር እናት ምስል፣ ሕግ አውጪው፣ ዳኛውና ሐኪሙ ስለ ማኅፀኗ ለሚሰጡት ፍርድ አስቀድሞ መንገድ ይጠርጋል። ከዚህ ቀጥሎ ይህ አሳብ ከምን እንደ ተነሣና ወዴት እንዳደረሰ ይብራራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ማኅፀን በባርነት ዘመን

በእንግሊዝ የቈየ ሕግ ልጅ የአባቱን ማዕርግ ይከተል ነበር። የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት ግን በ1662 ይህን ልማድ ገልብጦ፣ ልጅ ባሪያም ይሁን ጨዋ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ሲል ደነገገ። ከዚህም የተነሣ ጌታው ከባሪያይቱ የወለደው የገዛ ልጁ እንኳ ንብረቱ ሆነ። በ1808 ባሮችን ከባሕር ማዶ ማስገባት በሕግ ሲከለከል፣ ለጥጥ እርሻው የሚያስፈልገው ጕልበት በአብዛኛው ከወሊድ የሚገኝ ሆነ። በ1810 1.2 ሚሊዮን ያህል የነበረው የባሮች ቍጥር በ1860 4 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ወላድ ባሪያ በገበያ ትወደድ ነበር፤ ይሁንና ውዱ ማኅፀኗ ነው እንጂ እናትነቷ አልነበረም፤ ልጇን ከጕያዋ ወስዶ መሸጥ የጌታው መብት ነበርና።

ሕክምናውም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልቆመም። በ1840ዎቹ ጄ. ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ፊስቱላ የያዛቸውን ባሮች ሴቶች ያለ ማደንዘዣ እየደጋገመ በቢላዋ ይሞክርባቸው ነበር። እነርሱ እሺም እምቢም ለማለት ሥልጣን አልነበራቸውም። ከመካከላቸው በስም የሚታወቁት አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ግን የሴቶች ሕክምና አባት ተብሎ በኒው ዮርክ ሐውልት ቆመለት፤ ሐውልቱ ከሴንትራል ፓርክ የተነሣው በ2018 ነው።

2. ገዥዎቹ ምስሎች

ባርነት በ1865 በሕግ ከቀረ በኋላ ጥቁሯ ሴት የገዛ ልጆቿ እናት ለመሆን ሕጋዊ መብት አገኘች። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ስለ እርሷ የሚነገረውና የሚሳለው ነገር በረከተ። የሶሲዮሎጂ ሊቅ ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ በ1990 ባወጣችው «የጥቁር ፌሚኒስት አስተሳሰብ» በተባለው መጽሐፍ እነዚህን «ገዥ ምስሎች» ብላ ጠራቻቸው። ምስሎቹ ገዥ የተባሉበት ምክንያት፣ በሰው የተሠራውን በደል ከተፈጥሮ የመጣ አስመስለው ስለሚያሳዩ ነው።

የመጀመሪያዋ «ማሚ» የምትባለው ናት፤ ይህች በጌታዋ ቤት ምግብ የምታበስል፣ ልጆቹን የምታሳድግ፣ ወፍራምና ሣቂታ፣ ራሷን በሻሽ የጠመጠመች አገልጋይ ናት። በ1889 ለቂጣ ዱቄት መለያ የተመረጠችው «አክስት ጀማይማ» የዚህች ምስል ነበረች። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን፣ በባርነት የተወለደች ናንሲ ግሪን የተባለች ሴት ይህችን ገጸ ባሕርይ ሆና በሕዝብ ፊት ቂጣ ጋገረች። መለያው እስኪቀየር ድረስ ከ130 ዓመት በላይ ቈየ፤ ለውጡ የተነገረው በ1ኛ ደረጃ ኩባንያውን ለነቀፋ ባጋለጠው በ2020 የጥቁሮች መብት ንቅናቄ ወቅት ነው። በ1939 በወጣው «ከነፋስ ጋር ሄደ» በተባለው ፊልም የማሚን ቦታ የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 የኦስካር ሽልማት በመቀበል ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በሽልማቱ ምሽት ግን ከፊልሙ ባልደረቦች ተለይታ በሌላ ጠረጴዛ እንድትቀመጥ ተደርጎ ነበር። የፌሚኒስት ተመራማሪዎች ስለ ማሚ የሚጠይቁት ጥያቄ አጭር ነው፤ የእርሷ ልጆች የት አሉ? ታሪኩ ስለ እነርሱ ምንም አይናገርም።

ሁለተኛይቱ ምስል ከመጽሐፍ ቅዱስ በተወሰደው ስም «ኤልዛቤል» ትባላለች። ይህች በሥጋ ፈቃድ የተያዘች፣ ወንድን ሁልጊዜ የምትሻ ተደርጋ ትሳላለች። በባርነት ዘመን ምስሉ የጌታውን ደፋሪነት ለመሸፈን አገልግሏል፤ ፈቃዷ ሁልጊዜ አለ ከተባለ መደፈር የሚባል ነገር አይኖርምና። ሦስተኛይቱ ወንድን የምታዋርድ የቤት አዛዥ ናት። በ1965 ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ለመንግሥት ያቀረበው ሪፖርት የጥቁሮችን ድኽነት በእናት ከሚመራው የቤተ ሰብ አቋም ጋር ስላያያዘ፣ ይህ ምስል የጥናት ልብስ ለበሰ። አራተኛይቱ ከመንግሥት ርዳታ ለማግኘት ስትል የምትወልድ ተብላ የምትታማው ናት። ሮናልድ ሬጋን በ1976 የምርጫ ዘመቻው ስለ አንዲት የቺካጎ ርዳታ ተቀባይ ደጋግሞ ሲናገር «የድጎማ ንግሥት» የሚለው ስያሜ በሕዝቡ አፍ ገባ።

እነዚህ አራቱ በመልክ ቢለያዩም አንድ ሥርዓት ያላቸው ናቸው። ጥቁሯ ሴት የምትመሰገነው የሌላውን ልጅ ስታሳድግ ነው፤ የራሷን ስትወልድ ግን ወይ ባለጌ፣ ወይ አጥፊ፣ ወይ የአገር ሸክም ትባላለች። ማሚ የተወደደችው ልጆቿ ስለማይታዩ ነው።

3. ከምስሉ ወደ ሐኪም ቤት

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዩጀኒክስ የተባለው፣ የሰውን ዘር እንደ ከብት እየመረጡ ለማሻሻል የሚሻ ትምህርት በአሜሪካ ተስፋፋ። ኢንዲያና በ1907 ሰውን በግዴታ የማምከን ሕግ አወጣች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1927 የቨርጂኒያን ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀ። ከ30 በሚበልጡ ክፍላተ አገር ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች በእነዚህ ሕጎች መሠረት መከኑ። በመጀመሪያ ከተጠቁት ብዙዎቹ ድኾች ነጮች ነበሩ። ቈይቶ ግን ጥቁሮች የመንግሥት ርዳታና ሐኪም ቤት እየተከፈተላቸው ሲሄድ ቢላዋው ወደ እነርሱ ዞረ። ሰሜን ካሮላይና ከ1929 እስከ 1974 7,600 ያህል ሰዎችን ያመከነች ሲሆን፣ በኋለኞቹ ዓመታት ከነዚህ የሚበዙት ጥቁር ሴቶች ነበሩ።

ከሕጉ ውጭ የተደረገው ደግሞ በቍጥር አይታወቅም። የሚሲሲፒዋ የመብት ታጋይ ፋኒ ሉ ሄመር በ1961 ትንሽ ዕጢ ለማስወጣት ሐኪም ቤት ገብታ ሳትጠየቅ ማኅፀኗ ተወገደ። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ በአካባቢው «የሚሲሲፒ ትርፍ አንጀት» የሚል የቀልድ ስም ነበረው። በፖርቶ ሪኮም በ1965 በተደረገ ቈጠራ፣ ከ20 እስከ 49 ዓመት ካሉት ያገቡ ሴቶች አንድ ሦስተኛው ያህል መምከናቸው ታወቀ፤ ቀደም ሲል በ1956 የእርግዝና መከላከያ ክኒን በብዛት የተሞከረውም በዚያችው ደሴት ሴቶች ላይ ነበር።

ነገሩን ለአገሩ ሁሉ የገለጠው ግን በ1973 በሞንትጎመሪ የተደረገው ነው። የ14 እና የ12 ዓመት ልጃገረዶች የነበሩ ሁለት ጥቁር እኅትማማቾች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ አገልግሎት መከኑ። ማንበብ የማትችለው እናታቸው በወረቀቱ ላይ የመስቀል ምልክት ያደረገችው የተለመደው የመከላከያ መርፌ የሚሰጣቸው መስሏት ነበር። በተከተለው ክስ በ1974 ፍርድ የሰጠው የፌዴራል ዳኛ፣ በቅርብ ዓመታት በፌዴራል ገንዘብ በየዓመቱ ከ100,000 እስከ 150,000 ድኾች መምከናቸውን፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ርዳታቸው እንደሚቋረጥ በማስፈራራት እሺ እንዲሉ መደረጋቸውን ገለጸ። የርዳታ ማቋረጥ ዛቻ ትርጕም የሚኖረው፣ ርዳታ ተቀባይቱ ያለ ልክ ትወልዳለች የሚለው ምስል አስቀድሞ በሁሉም ልብ ስላደረ ነው።

4. በሴቶች ንቅናቄ መካከል የተነሣው ልዩነት

በዚያው ዘመን የመካከለኛ ኑሮ ያላቸው ነጭ ሴቶች የገጠማቸው ችግር ተቃራኒ ነበር። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ብዙ ሐኪም ቤቶች አንዲት ሴት በፈቃዷ ለመምከን ስትጠይቅ ዕድሜዋ በልጆቿ ቍጥር ተባዝቶ 120 ካልደረሰ አይቀበሏትም ነበር፤ የ30 ዓመት ሴት 4 ልጆች ሊኖሯት ይገባ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አንደኛዋ ማኅፀኗን ለመዝጋት ስትለምን ሌላይቱ ሳትጠየቅ ተዘጋባት። ለሁለቱም የፈረደው አንድ ዐይነት ሐኪም ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ስለ እያንዳንዷ በአእምሮው ያለው ምስል ነበር።

ከፖርቶ ሪኮ ቤተ ሰብ የተገኘችው ሐኪም ሄለን ሮድሪገስ ትሪያስና ባልደረቦቿ ማምከን ያለ ፈቃድ እንዳይፈጸም ደንብ እንዲወጣ ሲታገሉ፣ አንዳንድ የነጭ ሴቶች ድርጅቶች የጥበቃው ጊዜ ምርጫችንን ያዘገያል ብለው ተቃወሙ። ቢሆንም በ1978 የወጣው የፌዴራል ደንብ 30 ቀን የመጠበቂያ ጊዜ፣ ቢያንስ 21 ዓመት ዕድሜና ሴቲቱ በምትረዳው ቋንቋ የሚሰጥ ማብራሪያ እንዲኖር አዘዘ። በሌላ በኩል ጽንስ ማስወረድ በ1973 በመላው አገሩ ቢፈቀድም፣ በ1976 የወጣው የሃይድ ማሻሻያ ለድኾች ከፌዴራል ገንዘብ ወጪው እንዳይከፈል ከለከለ፤ ለማምከን ግን መንግሥት መክፈሉን ቀጠለ። አንጀላ ዴቪስ በ1981 በታተመው መጽሐፏ ይህን ተቃርኖ በሰፊው መርምራዋለች።

ጥቁር ሴቶች ከወገኖቻቸው ወንዶችም ጋር መከራከር ነበረባቸው። በ1960ዎቹ አንዳንድ የጥቁር ብሔርተኞች መከላከያ ክኒን ዘርን ለማጥፋት የታሰበ ነውና ሴቶች ለትግሉ ይውለዱ ይሉ ነበር። ቶኒ ኬድ ባምባራ በ1970 ባሰናዳችው «ጥቁሯ ሴት» በተባለው መድበል ለዚህ መልስ ሰጠች። የነጮች ሐኪም ቤት የሚያስፈራ ታሪክ ያለው መሆኑን ሳትክድ፣ ስለ መውለድ የሚወስነው ድርጅቱ ሳይሆን የምታረግዘውና የምታሳድገው ሴት መሆን አለባት ስትል ተከራከረች።

5. «የመውለድ ፍትሕ»

ከዚህ ሁሉ ክርክር በ1994 አዲስ ስያሜ ተገኘ። በቺካጎ የተሰበሰቡ 12 ጥቁር ሴቶች «የመውለድ ፍትሕ» የሚለውን ቃል ፈጠሩ። ቃሉ ሦስት መብቶችን በአንድ ያስራል፤ አለመውለድ፣ መውለድ፣ የወለዱትንም በጤናና በሰላም ማሳደግ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሎሬታ ሮስ ስትሆን፣ በ1997 «ሲስተርሶንግ» የተባለው ኅብረት በዚሁ መሠረት ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት የሕግ ሊቅ ዶረቲ ሮበርትስ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ከባርነት ጀምሮ እስከ ዘመኗ ድረስ የጥቁር ሴት መውለድ እንዴት እንደ ጥፋት ሲታይ እንደ ኖረ በማስረጃ ዘረዘረች። ከማስረጃዎቿ አንዱ፣ በክንድ ቈዳ ሥር የሚቀበረው ኖርፕላንት በ1990 በተፈቀደ በቀናት ውስጥ አንድ የፊላደልፊያ ጋዜጣ የጥቁሮችን ድኽነት ለመቀነስ ርዳታ ተቀባዮች እንዲወስዱት ማሳሰቡ ነው፤ ጋዜጣው ኋላ ይቅርታ ጠይቋል።

ምስሉ ግን መልኩን እየለወጠ ይመለሳል። በ2011 ጽንስ ማስወረድን የሚቃወሙ ወገኖች በኒው ዮርክ ከተማ የአንዲት ጥቁር ልጃገረድ ፎቶግራፍ ያለበት ትልቅ ማስታወቂያ ሰቅለው፣ ለጥቁር አሜሪካዊ ከሁሉ የከፋው አደገኛ ቦታ ማኅፀን ነው የሚል አሳብ ጻፉበት። ማስታወቂያው በተቃውሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢወርድም፣ ቀድሞ ብዙ ትወልዳለች ተብላ የተወቀሰችው ሴት አሁን ደግሞ አትወልድም ተብላ መወቀሷን ያሳያል። በሁለቱም ጊዜ ፍርዱ የሌላ ነው። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ውሳኔ ሲሽር፣ መብቱ ለጥንቱም ቢሆን ገንዘብ ላላት እንጂ ለድኻይቱ ሙሉ አልነበረም የሚለው የእነዚህ ሴቶች ክርክር እንደ ገና ተሰማ።

ስለ ሦስተኛው መብት የሚመሰክረው ደግሞ የሞት ቍጥር ነው። በ2021 በአሜሪካ ከ100,000 ሕያዋን ልደቶች ከእርግዝናና ከወሊድ የተነሣ የሞቱት ጥቁር እናቶች 69.9፣ ነጮቹ 26.6 ነበሩ። ሀብትና ዝናም አያድንም፤ የቴኒሷ ባለ ድል ሴሬና ዊልያምስ በ2017 ከወለደች በኋላ በሳንባዋ ደም እንደ ረጋ ስትናገር በመጀመሪያ የሰማት እንዳልነበረ በመጽሔት ገልጻለች።

6. በእስራኤል የተነሣው ጥያቄ

ይህ አስተሳሰብ አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚነካ ሆኖ የተገኘው በእስራኤል ነው። በታኅሣሥ 2012 በቴሌቪዥን በታየ ዝግጅት ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች፣ በመጠባበቂያ ሰፈር ሳሉ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የመከላከያ መርፌ ካልወሰዱ ጕዟቸው እንደሚሰናከል ተነግሯቸው እንደ ነበር ተናገሩ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዲሬክተር፣ ትርጕሙን በሚገባ ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ ሐኪሞችን አዘዘ። በ2016 የመንግሥት ተቈጣጣሪ ሴቶቹ ተገደው መወጋታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አለማግኘቱን አስታወቀ። መርፌው በኢትዮጵያም ከሌሎቹ መከላከያዎች ይልቅ የተለመደ መሆኑን፣ የወሊዱም መቀነስ ከትምህርትና ከከተማ ኑሮ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳስቡ አጥኚዎች አሉ።

ሆኖም የመውለድ ፍትሕ አስተሳሰብ የሚያቀርበው ጥያቄ በመገደድ ብቻ አይወሰንም። ማብራሪያው በየትኛው ቋንቋ ተሰጠ? ሴቲቱ እምቢ ብትል ምን ታጣ ነበር? አስረጂውስ ስለ ብዙ ልጆች እናት በልቡ የያዘው ምስል ምን ነበር? በሞንትጎመሪ በወረቀት ላይ የተደረገው የመስቀል ምልክት ፈቃድ ነው ለመባል ያልበቃው እነዚህ ጥያቄዎች ስላልተመለሱ ነው።

እንግዲህ ባህልን የሚያጠና ሰው ስለ ሴቶች የሚነገረውን ተረት፣ ቀልድና ሥዕል እንደ ጨዋታ ብቻ ቈጥሮ ሊያልፈው አይገባም። ማሚም ሆነች የድጎማ ንግሥት ማንንም በእጃቸው አላመከኑም፤ ነገር ግን ቢላዋው ሲነሣ ማንም እንዳይደነግጥ አድርገዋል። የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ትምህርት ፍሬ፣ የመውለድን ነጻነት ለመመርመር ከሕጉ ጽሑፍ ጋር የሕዝቡን አፍና ዐይን አብሮ መመርመር እንደሚያስፈልግ ማስረዳቱ ነው።